ባቡሩ ለእኛም ይቁም
(በድሬዳዋ ለነጋዴዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የከፊራና የታይዋን ገበያ ነጋዴዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ቀጣናዊ የኢኮኖሚ ትስስር ተናገሪ ተብዬ ነው የወጣሁት። አቦ፣ ይሄ ለድሬ ሰው አዲስ ወሬ ነው እንዴ? ከተማችን እኮ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ እዚህ ስለደረሰ ነው። እናቶቻችን በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍረው አትክልት ያወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ ጨርቅ ይዘው። ስንቶቻችን ነን በዚያች ትርፍ ደብተር የተገዛልን?

አሁን የኤሌክትሪክ ባቡር አለን። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠናም አለን። የአፍሪካን ነፃ ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቀናል። ጥሩ ነው፣ አጨብጭበናል። እኔ ግን የቲማቲሜን ነገር ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

አንድ አይሱዙ ቲማቲም ጭኜ ወደ ጅቡቲ ስሄድ ኬላ ላይ ቆምን። ወረቀቴ ሙሉ ነው። የኬላው ልጅም አገላብጦ አይቶ «እናቴ፣ ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን ሲስተም የለም» አለኝ። ሲስተሙ ምሳ ሰዓት ድረስ አልመጣም። ከምሳ በኋላ ሲስተሙ ሲመጣ ልጁ የለም! የዚያን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ። ከታች ያሉት ሳጥኖች መንጠባጠብ ጀመሩ። ሾፌሩ «እትዬ፣ ስልስ እየሆነ ነው» ይለኛል፣ ጫቱን እየቃመ። ማታ ለቀቁን። ጅቡቲ ያለው ደንበኛዬ ግማሹን አልቀበልም አለ። ምን ይፍረድበት?

እኔን እዚያ ሲያቆሙኝ ኮንቴይነር የጫነው መኪና በአጠገቤ ሽው ይል ነበር። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል ይባላል። አዎ፣ ያልፋል! የሚገባው ሙሉ፣ የሚወጣው ስንት ጊዜ ባዶ ኮንቴይነር? የሌላውን ዕቃ ማራገፍ ብቻ አገር አያሳድግም። የኤረር ገበሬ ምርቱን ሲሸጥ ነው ዕድገት የሚባለው።

ደግሞ መፍትሔው አለ። ኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ለትንንሽ የድንበር ነጋዴዎች ያወጣው ቀለል ያለ አሠራር አለው። በዛምቢያና በማላዊ መካከል የምትነግድ ሴት አጭር ፎርም ሞልታ ታልፋለች። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የኮሜሳ ነፃ ንግድ ውስጥ ናት። እኛ የድርጅቱ አባል ሆነን ሳለ ለዓመታት ከነፃ ንግዱ ውጭ ቆየን። ፋብሪካዎቻችን ገና ጨቅላ ናቸው፣ የቀረጥ ገቢም ይቀንሳል ተብሎ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። የእኔ ቲማቲም ግን የማንን ፋብሪካ ያዘጋል?

ስለ ባንክና ስለ ውጭ ምንዛሪም ተናገሪ ተብዬ ነበር፤ እሱን የሚያውቁት ይናገሩ።

እኛ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለሚበላሽ ዕቃ በኬላ የተለየ መስመር፣ ሲስተም ሲጠፋ ደግሞ በወረቀት ማለፍ። ጽፈነዋል፣ ፈርመንበታል። መድረክ ላይ ካላችሁት ኃላፊዎች የሚረከበን ማነው? ከሻይ በፊት ይነሳልን።