ለሚቀረው ቅጽ የለም

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ሥራ መልቀቅ ብቻዬን ላውራችሁ።

አንድ ሰው መልቀቂያ ሲያስገባ ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚባለው ምንድን ነው? «ድሮም እግሩ አይረጋም።» አለቀ፣ ፋይሉ ተዘጋ። እርግጥ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዊን ጊሴሊ እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎበታል። እንዲህ ያለው ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ ጊዜው ሲደርስ ልቡ ይሸፍታል። እኔም ሁለት ሦስት አውቃለሁ። ጨዋታቸው ደስ ይላል፤ ብቻ ለረጅም ሥራ አትመኩባቸው።

ሁሉንም በጠባይ ማሳበብ ግን ለአለቆች ይመቻል።

ባንክ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ብር ከጎደለ ከካሸሩ ኪስ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጃችን ጉድለት ሲመጣ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ትቀመጥና «በል ከመጀመሪያው እንቁጠር» ትላለች። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ 2,000 ተከፍሎ 200 ተብሎ ተጽፎ። እሷን የተካው ሰውዬ ግን ደንበኛ ፊት ነው የሚጮኸው። ደመወዙ ያው፣ ቅርንጫፉ ያው፣ ጉድለቱም ያው። ሰው ግን መበተን ጀመረ።

ጠባይ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቀድሞ የለቀቀው ነጭናጫው ልጅ አይደለም። እሱ ዛሬም እዚያው ነው፣ ዛሬም ይነጫነጫል። የሄደችው ጠንቃቃዋ ናት። አንድም ቀን አላማረረችም። ሳንቲም ጎድሎባት የማያውቅ ሰው በሰው ፊት እንደ ሌባ ስትታይ፣ ዝም ብላ ሌላ ቦታ አመለከተች።

የቀረነውስ ወደን ነው? የቤት ብድር ይዞን እኮ ነው! ለሠራተኛ በሚሰጠው ቅናሽ ወለድ የወሰድከው ብድር ስትለቅ ወይ ወለዱ ይጨምራል፣ ወይ አዲሱ ባንክ ይረከብልህ እንደሆነ መለመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪው ቴሬንስ ሚቼልና ባልደረቦቹ ሰው ሥራው ላይ የሚቆየው ስለወደደው ብቻ አይደለም አሉ። ከሰዎቹ ጋር ያለው ትስስር፣ ከቦታው ጋር መስማማቱ፣ ሲሄድ የሚያጣው ነገርም ይይዘዋል። ባንኮቻችን የመጨረሻዋን አሳምረው ያውቁባታል።

ከዚያ ሪፖርቱ «የሠራተኛ ፍልሰት ቀንሷል» ይላል። ለሚለቅ ሰው የመውጫ ቅጽ አለ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ሁሉም «ለተሻለ ዕድል» ብሎ ይፈርማል። እኛን፣ የቀረነውን፣ ብድራችሁ ነገ ቢያልቅ ትቆያላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም።