ካፒታሉስ ሞላ፣ ሰውስ?

እሷ፦ ሰላም አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ባንክ እናወራለን። ስለ ብር ግን አይደለም፣ ስለ ሰው ነው።

እሱ፦ ሐሳቡ የመጣልኝ ባለፈው ሠንጋ ተራ ቆሜ ቀና ስል ነው። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የንግድ ባንኩ ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ነው። አንዱን ባንክ ለቆ ሌላው ጋ መግባት ለፈለገ ሰው አስፋልት መሻገር ነው።

እሷ፦ አሁን ደግሞ ሠራተኛ ፈላጊው ሊበዛ ነው። በታኅሣሥ 2017 ፓርላማው ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። የራሳቸውን ባንክ ወይም ቅርንጫፍ መክፈት፣ ነባር ባንክ ውስጥም አክሲዮን መግዛት ይችላሉ።

እሱ፦ የባንክ አለቆች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ግን የምሰማው ስለ ካፒታል ነው። ብሔራዊ ባንክ እስከ ሰኔ 2018 ካፒታላችሁን 5 ቢሊዮን ብር አድርሱ ስላላቸው አልፈርድባቸውም። ግን አስቢው። የውጭ ባንክ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ሲስተሙንም ይዞ ይመጣል። የመርካቶን ነጋዴ ጠባይ የሚያውቅ የብድር ባለሙያ ግን ከየት ያመጣል? ከእኛው ነው የሚወስደው።

እሷ፦ ቴሌኮሙ ላይ አይተነው የለ! በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር፣ ከማውቃቸው የኔትወርክ ልጆች ሲቪውን ያላደሰ አልነበረም።

እሱ፦ ታዲያ ደሞዝ ይጨመር?

እሷ፦ ይጨመር እንጂ! ኑሮው ይታወቃል። ግን በሱ ብቻ አይዘለቅም። ሒሳቡን ልሥራልህ። በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደሞዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከዚያ በላይ ለሚያገኝ ሰው 10,000 ብር ጨመርክለት እንበል። 3,500ው ለግብር ይሄዳል። 7 በመቶው፣ ማለትም 700ው፣ ለጡረታ። እጁ የሚገባው 5,800 ነው። ባንኩ ደግሞ በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል። ባንኩ 11,100 አወጣ፣ ሰውዬው 5,800 አየ። ጎረቤት ያለው ባንክ ትንሽ ቢጨምርበት ይሄዳል።

እሱ፦ የሚሄደው በብር ብቻም አይደለም። እኔ በነበርኩበት ባንክ ኮር ባንኪንጉን፣ ማለትም ሒሳብ ሁሉ የሚሠራበትን ዋናውን ሲስተም፣ የሚይዝ ልጅ ነበር። ስምንት ዓመት ሠርቷል። ሁለቴ ለእድገት ተወዳደረ፣ ሁለቴም ከውጭ ሰው አመጡበት። መልቀቂያ አስገባ። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል፣ ልጁም 30ውን ቀን ቁጭ ብሎ ሠራ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራውን የሚረከብ ሰው አልተመደበም። በመጨረሻው ቀን ኬክ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ክሊራንስ ሲጨርስ ላፕቶፑን አስረከበ፣ መታወቂያውን አስረከበ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ሳይቀር አስረከበ። የሚያውቀውን ግን ማንም አልተረከበውም።

እሷ፦ ከዚያስ?

እሱ፦ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አለቃችን ደወለለት። አነሳ። ጨዋ ልጅ ነው። እስኪነጋ ድረስ በስልክ እየነገረን ሠራን። ያን ሌሊት አልረሳውም። ለሁለት ሚሊዮን ብር መኪና ጠባቂ ያለው ባንክ፣ ለዚያ ልጅ ምክትል አላዘጋጀም ነበር።

እሷ፦ ብዙ ቦታ ሠራተኛ እንዳይለቅ የሚያዝበት ዘዴ ውል ነው። ሥልጠና ሰጥቶ ይህን ያህል ዓመት አገልግል፣ ካልሆነ ክፈል ማለት። እኔ አይዋጥልኝም። አዲሱ ቀጣሪ ከፍሎለት ይወስደዋል።

እሱ፦ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ መሐል ላይ ያሉት ናቸው። ስምንት፣ አሥር ዓመት የሠሩ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችና የቡድን መሪዎች። ቅርንጫፉ ደንበኛ በሚያስቀምጠው ገንዘብ፣ በዴፖዚት፣ ስለሚለካ ደንበኛውን የሚይዙት በግል ስልካቸው ነው። ሲሄዱ ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል። እነዚህን በአንድ ዓመት አታፈሪያቸውም፣ አሥር ዓመት ፈጅተው ነው የተገኙት።

እሷ፦ እኔ ቦርዱ ላይ ብሆን በየሩብ ዓመቱ ከትርፉ ቀጥሎ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ብድሩን፣ ሲስተሙን፣ የውጭ ምንዛሪውን የያዘው ሰው ነገ ቢለቅ ማን ይተካዋል? ስም ጥሩልኝ እላለሁ።

እሱ፦ አለቃ ሆናችሁ የምትሰሙን ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ወረቀት አውጡ። ከምክትሎቻችሁ በታች የአምስት ሰው ስም ጻፉ። ከየስሙ ጎን ደግሞ ስለ ሪፖርት ሳይሆን ስለራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁበትን ቀን ጻፉ። ቀን የሌለበትን ሰው ከምሳ በፊት ጥሩት።