«እርግዝና እኮ ነው፣ ቻይው»

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ ስለ ሉሲ ዊልስ ላወራችሁ ነው። የደም በሽታ ተመራማሪ ነበረች። እኔም ላብራቶሪ ውስጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ቶሎ ትዝ ትለኛለች። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

በ1888 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም አጠገብ ተወለደች። ካምብሪጅ ገብታ ስለ ዕፅዋትና ስለ ሥነ ምድር ተማረች። በ1911 ተፈተነች፤ ዲግሪ ግን አላገኘችም። ያኔ ካምብሪጅ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ከዚያ ለንደን ሄዳ ሕክምና አጠናች፣ በ1920 ሐኪም ሆነች። ልቧ ግን ምርምሩ ላይ ነበር።

በ1928 ቦምቤይ ወረደች። እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ነፍሰ ጡሮች በከባድ የደም ማነስ ይሠቃዩ ነበር። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ይሄን ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔ ሽፍት ሲለቀቅ ከጨርቃ ጨርቅ የሚወጡትን ሴቶች እያየሁ ነው ያደግኩት። ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው፣ ቤት ገብተው ደግሞ ምድጃ ዳር ይቆማሉ።

ሉሲ ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ ጠየቀች። ድሆቹ አትክልትም፣ ፍራፍሬም፣ ሥጋም እምብዛም አያገኙም። ያንን ምግብ መጀመሪያ ለአይጥ ሰጥታ ሞከረች። ቅማል የሚያስተላልፈው ተህዋሲ ውጤቱን አዘበራረቀባት። ወደ ጦጣ ዞረች። ተስፋ የተቆረጠበት አንድ ጦጣ ማርማይት ተሰጠውና ዳነ። ማርማይት እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት፣ ከቢራ እርሾ የሚሠራ ጥቁርና ጨዋማ ማባያ ነው። ለነፍሰ ጡሮቹም ሰጠቻቸው፣ ተሻላቸው። በ1931 ውጤቱን አሳተመች።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ማርማይቱ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። «የዊልስ ፋክተር» ብቻ ነበር የሚሉት። እስኪታወቅ ድረስ ግን ሴቶቹ መታከማቸው አልቀረም። በ1941 ሌሎች ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ለይተው አወጡት፤ ፎሊክ አሲድ ተባለ። ዛሬ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከአይረን ጋር በአንድ ኪኒን የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

አንዲት እርጉዝ ለምርመራ ደም ልትሰጥ መጥታ «ዳገት ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። አማቴ ግን ‹እርግዝና እኮ ነው፣ ቻይው› ይሉኛል» አለችኝ። «እስቲ እንየው እህቴ» አልኳት። አማቷ ክፋት የላቸውም፣ እሳቸውም እንዲያ ተብለው ነው የወለዱት። ግን ድካም ሁሉ ዝም ብሎ የሚቻል አይደለም። ይለካል፣ ይታያል። አይረን ሲያንስ ማይክሮስኮፕ ላይ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ትናንሽ ናቸው፣ መሃላቸውም ነጣ ይላል። ፎሌት (ያው ፎሊክ አሲዱ ማለት ነው) ሲያንስ ደግሞ ይተልቃሉ፣ ሞላላ ይሆናሉ። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ ኒውክለሱ ከሦስት እስከ አምስት ቦታ የተከፋፈለ ነው፤ ፎሌት ሲያንስ ግን ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለባልደረቦቼ ሁሉ እየጠራሁ ነው ያሳየሁት።

ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለቆላ ሰው ደህና የሚባል ቁጥር እዚህ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። «ቁጥሬ ደህና ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ለደሴ?» ብላችሁ ጨምሩበት።

ሉሲ በ1964 አረፈች። በ1991 ደግሞ ፎሊክ አሲድ የሕፃኑን አከርካሪና አንጎል ከሚጎዳ ከባድ ችግር እንደሚከላከል በትልቅ ጥናት ተረጋገጠ። ያንን ሳታይ መሄዷ ያሳዝነኛል። የሕፃኑ የነርቭ ቱቦ፣ ኋላ አንጎልና አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ የሚሆነው፣ የሚዘጋው ከተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ኪኒኑን ቀድማ ብትጀምር ነው የሚሻለው።

ጎመን፣ ምስርና ሽምብራም ፎሌት አላቸው። ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ግን ብዙው አብሮ ይሄዳል። ኪኒኑን ደግሞ ከቡና ጋር አትውሰዱ፤ ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ወሎ ውስጥ ቡና ተውኝ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ። እናንተ ከአቦል እስከ በረካ ጠጡ፣ ኪኒኑን ማታ ስትተኙ ዋጡት።