ራስ ደጀንን ከአራት ኪሎ፦ ማንም የማያቅደው ሦስተኛው ቀን

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የካፌ ሰገነት። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርታ፣ ማክያቶ፣ ማስመሪያ፣ ጥቁር የልብስ ስፌት ክር።]

ነፋሱ ካርታውን እንዳይወስድብኝ አንዱን ጫፍ በስኳር ዕቃው፣ ሌላውን በማክያቶው ይዤዋለሁ። ከኋላዬ የሚታየው እንጦጦ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሰሜን ተራሮች ነው። ራስ ደጀንን እዚሁ አራት ኪሎ ቁጭ ብለን እንወጣዋለን። በክር።

ብዙ ሰው ዕቅድ የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ የድሮ ካርታዎች 4,620 ይሉታል። የምንነሳበት ጨነቅ ካምፕ ደግሞ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ቀንሱት፤ 930 ሜትር። "ይቺማ ምን አላት?" ያሰኛል። እኔም ብያለሁ።

[ምስል፦ ጣት ካርታው ላይ ከጨነቅ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።]

አሁን ጣቴን ተከተሉ። ከጨነቅ ተነስተን ወደ ቧሂት ተራራ እንወጣለን። ጫፉን ትተን በሩን ነው የምንይዘው፤ 4,200 ሜትር አካባቢ። "በር" ስል ጣርማ በር እንደምንለው ነው፣ ተራራው የሚያሳልፍበት ቦታ። እስካሁን 580 ሜትር ወጣን። ከዚያ ከፍታ የሚያሳዩትን ቡናማ መስመሮች እዩ። ተጠጋግተው፣ ተጠጋግተው ወደ ታች ይወርዳሉ። እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ። ወንዙን የምንሻገርበት 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። 1,400 ሜትር ወረድን ማለት ነው። ከጨነቅ በታች ገባን! ወንዙን ተሻግረን 400 ሜትር ወጥተን አምቢቆ መንደር እናድራለን። የቀኑ ሽቅብ 580 እና 400፣ 980።

በሁለተኛው ቀን ከአምቢቆ ራስ ደጀን፣ 1,350 ሜትር ሽቅብ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል። ተመልሰን እዚያው አምቢቆ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት። ወደ ቤት ሲባል ግን ከመሸሃ ተነስቶ እስከ ቧሂት በር እንደገና 1,400 ሜትር ሽቅብ ነው።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ በእጅ የሚጻፍ ድምር፦ 980 + 1,350 + 1,400 = 3,730]

3,730። በ930 ጀምረን አራት እጥፍ ገባን።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ አውሮፓ ልውሰዳችሁ። የአልፕስ ተራራ ወጪዎች መናገሻ የሆነችው ሻሞኒ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,035 ሜትር ገደማ። ከአናቷ ያለው ሞን ብላን 4,806 ገደማ ነው። ልዩነቱን አስሉት፤ ከ3,730 ጋር ተቀራራቢ ነው። እርግጥ እዚያ የበረዶ ግግር አለ፣ ስንጥቅ አለ፣ ገመድና የጫማ ጥርስ ያስፈልጋል። ራስ ደጀን ላይ መጨረሻዋ ላይ ድንጋይ በእጅ ይዞ መውጣት ነው ያለው። ግን አንድ ነገር እነሱን ይቀናቸዋል። የእነሱ ሸለቆ ከታች ነው። ደክሞህ ስትመለስ ቁልቁል ነህ። የእኛ ሸለቆ መሃል ላይ ነው። የደከመ ጉልበት ይዘህ ነው የምትወጣው።

ይሄን ከካርታ አይደለም የተማርኩት፤ በወገቤ ነው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ጫፍ ከረገጥን በኋላ ያለቀ መስሎን ነበር። ሌሊቱን ስንጫወት አመሸን። በማግስቱ ቡናውም ቁርሱም ተረጋግቶ ተበላ፣ ከአምቢቆ የወጣነው 3 ሰዓት ላይ ነው። የበቅሎ ነጂው አንዴ ፀሐይዋን አንዴ እኛን ያያል። "ዛሬ እዚሁ ነው እንዴ የምታድሩት?" አለ። ሳቅን። 12 ሰዓት ሲሆን ገና ከቧሂት በር በታች ነበርን። ከመካከላችን የራስ ባትሪ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን የስልክ መብራት ይዘን ገደል ዳር። ጨነቅ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በቅሎዎቹ ቀድመውን ደርሰው ተኝተዋል።

ስለዚህ አሁን ከሦስተኛው ቀን ነው የምጀምረው።

[ምስል፦ ክሩ በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ማስመሪያ ላይ ይዘረጋል።]

ክሩን በምራቅ ትንሽ አርጥቡት፤ ወረቀቱ ላይ ይይዛል። ከአምቢቆ እስከ ጨነቅ ያለውን መንገድ ተከትላችሁ አስተኙት። ከዚያ ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። በ1 ለ 50,000 ካርታ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። የእኔ ክር ወደ 40 ሳንቲ ሜትር መጣ፤ 20 ኪሎ ሜትር በሉት። ክር ትንንሾቹን እጥፋቶች አይቆጥርም፣ ስለዚህ እውነተኛው መንገድ ከዚህ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። በመስመርና በመስመር መካከል ስንት ሜትር እንዳለ ደግሞ ከካርታው ግርጌ አንብቡ። በግምት አትሂዱ።

ሰዓቱን ለማግኘት ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ 1 ሰዓት። ለእኛ 20 ኪሎ ሜትሩ 4 ሰዓት፣ 1,400 ሜትሩ 2 ሰዓት ከ20። ድምር 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ሰውየው ግን ጤነኛ እግር ይዞ በዝቅተኛ ተራራ ነው ያሰበው። እኔ ለከፍታውና ለድካሙ ሲሶ እጨምራለሁ፤ 8 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ለምሳና ለእረፍት አንድ ሰዓት ተኩል። 10 ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ነን።

እዚህ ጋ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጠቅማል። ከንጋት ስለሚቆጥር፣ ሰዓቱን ስታዩ የተበላውን ብርሃን ነው የምታዩት። 8 ሰዓት ከሆነ ስምንቱ አልቋል፣ አራት ቀርቷል። ገና ሲነጋጋ 12:30 ከተነሳን 10:30 እንገባለን፤ ለሚፈጠረው ነገር አንድ ሰዓት ተኩል ተረፈ። እኛ ያን ቀን በ3 ሰዓት ተነስተን 10 ብትደምሩበት የት እንደሚያደርስ አስሉት።

የሁለተኛውን ቀንም በዚሁ ነው የምሠራው። ከአምቢቆ ከንጋቱ በፊት 11 ሰዓት መነሳት። 7 ሰዓት ሲሆን መመለስ፣ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቀርቶትም ቢሆን። ይሄንን ሰዓት አራት ኪሎ ላይ ወስኑ። እዚያ ላይ ከተዋችሁት "ትንሽ ነው የቀረን" የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነኝ።

[ምስል፦ የመኝታ ከፍታዎች ደረጃ በደረጃ።]

ከፍታው። እኛ አዲስ አበቤዎች 2,400 ሜትር አካባቢ ስለምንኖር ቅድሚያ አለን። ግን አትመኩ። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 58 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው ነገር ቀን የወጣችሁበት ሳይሆን ሌሊት የተኛችሁበት ከፍታ ነው። ከ3,000 በላይ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ አትጨምሩ። ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ከዚያ ጨነቅ። ደረጃው ራሱ የተሠራልን ይመስላል። ከጎንደር በመኪና በቀጥታ ጨነቅ መግባት ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል፤ ራስ ምታቱም አብሮ ይገባል። ራስ ምታት ላይ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረ ሻይ አፍልቶ መጠበቅ የለም። መውረድ ነው፣ በሌሊትም ቢሆን።

ብርዱ ቀላል ሂሳብ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። የታኅሣሥ ጠዋት አራት ኪሎ ላይ ጃኬት ካስለበሳችሁ፣ ጫፉ ላይ 14 ዲግሪ ቀንሱበት። ክረምቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ተዉት።

አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ግዴታ ነው፤ ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትጨርሳላችሁ። የመንገዱን ጸጥታ ግን ከዚህ ሳትነሱ፣ ትኬት ሳትቆርጡ ደውላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ወር የሰማችሁት ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

[ምስል፦ የታጠፈ ትንሽ ወረቀት።]

የመጨረሻው ይቺ ወረቀት ናት። የየቀኑ መነሻ፣ ማደሪያ፣ የመመለሻ ሰዓት። አንዱ ቅጂ ኪሴ ውስጥ ነው። ሌላውን ትናንት ማታ ለእህቴ ሰጠኋት። አየችና፣ "ሦስተኛው ቀን ማታ ካልደወልክ ለማን ነው የምደውለው?" አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ቆይ፣ እስክሪብቶ አለኝ መሰለኝ። የአስጎብኚው ስልክ፣ ከሥሩ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ከጎኑ "እስከ ማግስቱ 4 ሰዓት ጠብቂ፣ ጨነቅ ላይ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል"።