ከጉልላቱ በላይ መሸሻ የለም፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከደጋው ድረስ ተጉዛችሁ ያከበራችሁን አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን ተቀብላችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን። አዳራሹን ያለ ኪራይ ለፈቀዱልን፣ ከሌሊት ጀምሮ ዳቦውንና ቡናውን ላሰናዱልን እህቶቻችን ምስጋናዬ ከልብ ነው። መመስገን የሚገባቸው ሌሎችም ብዙ ናቸው፤ ጸሐፊያችን በሪፖርታቸው ስማቸውን ያነቡታል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ለነሣን ጉዳይ፣ ጋራው ላይ ለተከልነው ችግኝና ጋራውን ለሚያሞቀው አየር፣ ላውለው።

ስለ ሥራችን ባጭሩ፦ በደጋው ቀበሌዎች ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበናል። ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባት መጻሕፍት ሰጥተናል። ጋራውን የሚጠብቁልን ወጣቶች የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ አግኝተዋል። በክትባቱ እኮራለሁ። ውሻውን በገመድ ይዞ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ፣ ተራውን በብርድ ቆሞ የጠበቀውን ገበሬ ያየ ሁሉ ይኮራል። የተሠራው ይኸው ነው፤ ካሰብነው ግማሹን አይሞላም።

አሁን ወደ ችግኙ ጉዳይ ልግባ።

ያለፈው ዓመት ጉባኤያችን ከጋራው አናት ባለው የጓሳ ሜዳ፣ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር በሸፈነው መሬት፣ ላይ ባሕር ዛፍና ጥድ እንዲተከል በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። ተቃውሜ ነበር፤ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ውሳኔው የጉባኤው በመሆኑ ፈረምኩ፣ ገንዘቡም ወጣ። ሐምሌ ላይ በአውቶቡሶች ሞልተን ሄድን፤ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ያንን ሜዳ ተመልሶ ያየው አባል በጣት የሚቆጠር ነው።

በታኅሣሥ ከሁለት የሥራ አመራር አባላት ጋር ወጣሁ። ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር። ጓሳው ላይ ያደረው ውርጭ ነጭ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የችግኞቹ ጥቁር ፕላስቲክ በሣሩ ላይ ተጠምጥሞ በነፋስ ይርገበገባል። ከተከልነው አብዛኛው ደርቋል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎቻችሁ እንዳዘናችሁ አውቃለሁ። እኔን ያስጨነቁኝ ግን የያዙት ናቸው። ባሕር ዛፍ በዚያ ከፍታ ሲተከል በልጅነታችን ውርጭ ያቃጥለው ነበር፤ ዛሬ እዚህም እዚያም ለምለም ቅጠል አውጥቶ ቆሟል። እርሱ ከቆመ ብርዱ ላልቷል ማለት ነው። ካደገ ደግሞ ውኃውን ይጠጣል፣ ጥላውን ይጥላል፣ ከሥሩ ያለው ሣር ይመነምናል።

እዚያው ቆመን ሳለ አንዲት ቀይ ቀበሮ ከሸንተረሩ ብቅ አለች። እኛን ከቁም ነገር አልቆጠረችንም። ጆሮዋን ወደ መሬት ቀስራ፣ የፊት እግሯን አንስታ ሳታሳርፍ፣ እየቆመች እየሄደች መጣች። እኛ የቆፈርንበት መስመር ላይ ስትደርስ የተገለበጠውን አፈር አሸተተችና ሳትቆም አለፈችው። ከመስመሩ ወዲያ፣ ሣሩ ባልተነካበት፣ ድንገት ዘልላ አፍንጫዋን ከጓሳው ውስጥ ቀበረች። ቀና ስትል አይጧ በአፏ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ የተጨቃጨቅንበትን ነገር እርሷ በአንድ ደቂቃ አሳየችን። ቀይ ቀበሮ የምትኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ አይጥና ፍልፈል የሚኖሩት በሣሩ ነው፤ ሣሩ የሚኖረው ሜዳው ገላጣ ሆኖ ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቁበት ነው።

«ዛፍ መትከል የአየር ንብረት ለውጥን መከላከል አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ አባላት ቀርቦልኛል። ነው። በተራቆተው ገደል፣ በወንዙ ዳር፣ በጓሯችን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንትከል፤ አገር በቀሉን ኮሶና ወይራ በየከፍታው እንትከል፤ እኔም አብሬ እቆፍራለሁ። የጓሳ ሜዳ ግን ዛፉ ተቆርጦበት የተራቆተ መሬት አይደለም። ሲፈጠርም ሣር ነው። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ለምንጮቹ የሚለቀው እርሱ ነው።

የሙቀቱ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ ክርክራችን የተበላሸው ይህን ሳንነጋገር ድምፅ ስለሰጠን ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ተራራ ላይ ግን መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ እንስሳ አያቶቹ የለመዱትን ብርድ ለማግኘት ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። ቆላው ወይና ደጋን፣ ወይና ደጋው ደጋን፣ ደጋው ከእርሱ በላይ ያለውን ብርዳማ አናት፣ ውርጭ የምንለውን፣ እየገፋ ነው። ወባ እንኳ በሞቃት ዓመታት ወደ ላይ እንደሚወጣ በአገራችን ደጋ የተደረገ ጥናት አረጋግጧል።

ታዲያ ውርጩ ወዴት ይሂድ? ተራራ እንደ ጎጆ ጣራ ነው፤ ከታች ክቡ ሰፊ ነው፣ ወደ ጉልላቱ ሲወጡ ይጠብባል። ከጉልላቱ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከአምስቱ እጅ አራቱ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው፤ ይህን ጣራ የሚጠብቅልን ሌላ አገር የለም። የሰሜን ተራሮች ቀበሮ ጣራው ሲጠብበት ወደ ባሌ ልሂድ ቢል በመካከል ያለውን እርሻ፣ ከተማና ስምጥ ሸለቆ ማን ያሻግረዋል? ከዓለም ሁሉ አዋቂዎቹ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ባለው የጮቄ ተራራ ላይ ጠፍተዋል። ከጮቄ አካባቢ የመጣችሁ አባቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ በልጅነታችሁ ያያችሁትን ለልጅ ልጆቻችሁ በሥዕል ነው የምታሳዩት።

ጭላዳም ያው ነው። ሣር ግጦ የሚያድር ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከእርሱ በቀር የለም። ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጭላዳ ሊኖርበት የሚችለው ዝቅተኛው ከፍታ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ እንደሚሸሽ ተመራማሪዎች ያሰሉት ገና እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ጅብራችንስ? ዓመታት ቆሞ፣ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞተው የተራራ ተክል፣ ጅብራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ግምት መሠረት፣ ዛሬ ከሚስማማው መሬት በ2080 ሊቀርለት የሚችለው 3.4 በመቶው ብቻ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ወረቀቱን አስቀምጬ ከቤት ወጣሁ።

ሙቀቱ ብቻውንም አይመጣም። ባለፈው ወር አንድ አባት ከጋራው ትከሻ ያለ ማሳቸውን እያሳዩኝ፣ «አባቴ ገብስ እንኳ አያበቅልም ብሎ የተወውን መሬት እኔ ስንዴ አጨድኩበት» አሉኝ። በደስታ ነው የነገሩኝ፤ ልጆቻቸው በልተዋልና እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እርሻው ሲወጣ ጎጆው ይከተላል፤ ጎጆው ሲወጣ ውሻው ይከተላል፤ ውሻው ያልተከተበ ከሆነ በሽታው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በተነሣበት ሸለቆ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛው ያህል በወራት ውስጥ አልቀዋል። ክትባቱ የውሻ ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ አባላት፣ የምንከላከለው ይህንን ነው።

አባቶቻችን ደግሞ መንገዱን አሳይተውናል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሣሩ ስም ጓሳ የሚባለውን የራሱን ሜዳ በሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ አልተወውም፣ እንደገና አቆመው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ያለው ስለዚህ ነው። እዚያ የሠራው በደመወዝ የተቀጠረ ባለሙያ አልነበረም። ተራውን ጠብቆ፣ ውርጩን ታግሦ ጋራውን የዞረ ሰው ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ገንዘቡ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እናገራለሁ። የጠባቂዎቻችን የሁለት ወር አበል አልተከፈለም። የአንደኛው ሚስት በቅርቡ ወልዳለች፤ ማታ ማታ ጋራውን ዞሮ ሲገባ ለአራስ የሚሆን ነገር ይዞ መግባት አልቻለም። ለችግኝና ለአውቶቡስ ያወጣነው ገንዘብ ይህን ሁሉ ይሸፍን ነበር። ከዋሽንግተን የሚልኩ አባሎቻችን መዋጯቸውን አንድም ጊዜ አላጓደሉም። ከዚህ አዳራሽ በእግር ሩብ ሰዓት የማይርቁ አባላት ግን ዓመቱን ሙሉ አልከፈሉም።

ዛሬ ያልተገኛችሁ አባላት፣ ይህ ንግግር እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁና በቀጥታ ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ ለመትከል ስትመጡ አውቶቡስ አልበቃም ነበር፤ ዛሬ ከወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ችግኙ ይተከል ብላችሁ አጥብቃችሁ የተከራከራችሁት እናንተ ናችሁ። ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ፤ ብትረቱኝም እቀበላለሁ። ወስናችሁ ስትጠፉ ግን የደረቀውን ነቅሎ ፕላስቲኩን የሚለቅም ሌላ ሰው ነው። በታኅሣሥ የለቀምነው ሦስት ጆንያ ሞልቷል። በጓደኝነታችን ይዤአችኋለሁ፤ ኑና የቀረውን አብረን እንልቀም።

ለጉባኤው የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ከጓሳው ሜዳ ላይ የያዙት ባሕር ዛፎች እንዲነቀሉ፤ ቦታውም ለሣሩ እንዲተው። ሁለተኛ፣ ከዘንድሮ የተከላ ገንዘብ እኩሌታው ለጠባቂዎች አበልና ለውሾች ክትባት እንዲዞር፣ የቀረውም በወንዙ ዳር ላለው ተዳፋት ብቻ እንዲውል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በዓመት ሁለት ቀን ጋራው ላይ ተረኛ እንድንሆን። የመጀመሪያው ተራ የካቲት ውስጥ ነው፤ መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ስሜን ከላይ ጽፌያለሁ።

ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ። ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያሰሙናል፤ ከዚያ በውሳኔ ሐሳቡ ላይ ውይይቱን እንቀጥላለን።