ቀዩን ኤክስ እንተወው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት እንኳን በሰላም ተጠናቀቀ። ያስተባበራችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው፤ መልስ ሲሳሳት ወረቀት ላይ ስለሚደረገው ቀይ ኤክስ።

እዚሁ ባሕር ዳር 9ኛ ክፍል ሆኜ ፈተና ላይ «ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 5 ኤክስ» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለቱንም ጎን ለኤክስ አካፈልኩና 5 ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳስገባው 25 እኩል 25 ሆነ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ ኤክስ ብቻ አለበት። ለምን ብዬ ብጠይቅ መምህሩ «ሒሳብ ላንተ አልተፈጠረም» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ያን ቀን ቤት መግባት ከበደኝ። ታንኳዎቹ ከዘጌ እንጨት ጭነው ሲመጡ እያየሁ ጣና ዳር አመሸሁ።

ዜሮን ያገኘኋት ከዓመት በኋላ ነው። ዜሮም እኩልታውን ታሟላለች! ኤክስ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳላስብ አካፍዬ አንዱን መልስ በገዛ እጄ ጣልኩት። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥቼ ኤክስን በጋራ ባወጣው ኖሮ ሁለቱም ይገኙ ነበር። ይህን ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ተነፍጌ ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ ኖርኩ!

መምህራን፣ ስንቱን ልጅ እንዲህ አስቀርተናል? ኤክስ አድርጎ መመለስ እርማት ነው እንዴ? የሳተበትን መስመር አክብቡለት!

በቀደም አንዲት ተማሪ 3 እና 4ን ደምሮ ስኩዌር ማድረግን፣ 9 ሲደመር 16፣ 25 ብላ አመጣችልኝ። ኮሪደር ላይ ይዣት ወጣሁ። ከወለሉ ንጣፍ 7 በ7 በጠመኔ ከበብን። 9ኙን በአንድ ጥግ፣ 16ቱን በተቃራኒው ጥግ አሰመረች። 24 ተረፈ፤ ሁለት ባለ 12 ቁራጭ። ቁጭ ብላ አየቻቸውና «ውይ ቲቸር፣ እነዚህን ነው ለካ የጣልኳቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም።

ልጆቼ፣ ካልኩለስ ከበደን ስትሉ ብዙ ጊዜ የከበዳችሁ አልጀብራው ነው። የኤክስ ኪዩብ ሲቀነስ 3 ኤክስ ስኩዌር ዴሪቫቲቭ፣ 3 ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 6 ኤክስ መሆኑን ታውቃላችሁ። የግራፉን ጉብታና ጎድጓዳ ለማግኘት ከዜሮ ጋር ስታስተካክሉት ግን ለኤክስ ታካፍሉና 2ን ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ዜሮ ላይ ያለው ጉብታ ጠፋ። ያው የእኔ የ9ኛ ክፍል ስህተት ነው። ትሪጎኖሜትሪም ላይ ሳይን 30 እና ሳይን 60 ዲግሪን ደምራችሁ ሳይን 90 የምትሉ አላችሁ። ድምሩ 1.37 ገደማ ነው፤ ሳይን ደግሞ ከ1 አይበልጥም። ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹ።

ወላጆች፣ ስንት አመጣህ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ወረቀቱንም እዩለት።

ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። ኤክስ የበዛበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።