ለራሱ «ተቀበል» ያለው የኦፔራ ሰው

ሰላም ሰላም! ዛሬ የኦፔራ ጨዋታ ነው። ቆዩ፣ አትሂዱብኝ!

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንዱ ከመቀመጫው ሆኖ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው። ስንኙ ከረዘመ አዝማሪው ቃሉን ያጣድፈዋል፣ ካጠረ ደግሞ ዜማውን ይጎትትና ቦታውን ይሞላዋል። ደስ ሲል! ኦፔራም በአብዛኛው እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ሊብሬቶውን፣ ማለትም የሚዘፈነውን ጽሑፍ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ተቀብሎ ሙዚቃውን ይሠራል። አሁን ለራሱ «ተቀበል» ብሎ ራሱ የሚቀበል ሰው አስቡ። አሜሪካዊው ማርክ አዳሞ ማለት እሱ ነው።

በ1962 ፊላዴልፊያ ተወለደ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተማረው የቴአትር ድርሰት ነው። ሙዚቃው በኋላ መጣ፤ በ1990 ዋሽንግተን ካለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ድርሰት ተመረቀ። መጀመሪያ ቴአትር፣ ቀጥሎ ሙዚቃ። ይህን ያዙልኝ።

በ1998 «ሊትል ዊሜን» የተባለው ኦፔራው በሂዩስተን ግራንድ ኦፔራ ቀረበ። ከሉዊዛ ሜይ አልኮት ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፣ የአራቱ እህትማማቾች ታሪክ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ኮመንት ላይ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። «መጽሐፉ እያለ እሱ ምን ጻፈ? ማሳጠር ነው እኮ!» አይደለም፣ በፍጹም አይደለም! መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ በረዶ ነው፣ አንዱ ሠርግ ነው፣ አንዱ ሕመም ነው። ጉልህ ጠላት የለም። ብታሳጥሩት አጭር ወሬ ነው የሚሆነው። አዳሞ ግን፣ ቴአትር የተማረ ነውና፣ ከአራቱ እህቶች አንዷን፣ ጆ የምትባለውን፣ ተመለከተና ምንድን ነው የምትፈራው ብሎ ጠየቀ። ጆ የምትፈራው ለውጥን ነው። አራቱም እንዳሉ እንዲኖሩ ነው የምትፈልገው፣ ቤቱ እንዳይበተን። ስለዚህ ታላቋ ሜግ ላገባ ነው ስትል፣ ለሌላው ሰው እልል የሚያሰኘው ወሬ ለጆ ዱብ ዕዳ ይሆናል። ሜግ ምን ብላ ትዘፍንላታለች? «ነገር ይለወጣል፣ ጆ።» በቃ። ያቺ አጭር ሐረግ ከነዜማዋ ኦፔራው ውስጥ እየተመላለሰች ጆን ታሳድዳታለች። ሌላዋ እህት፣ ቤት (Beth)፣ ልትሞት ስትል ለጆ የምትዘፍነውን ስሰማ እኔ እንባዬን መያዝ አይሆንልኝም። ይህ ማሳጠር ነው እንዴ?

ሙዚቃው በአጭሩ፦ ንግግር መሰል ቦታዎቹ በአሥራ ሁለት ድምፅ ስልት ናቸው፣ ማለትም አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል አድርጎ በተወሰነ ተራ በሚያሰልፍ ስልት፤ አሪያዎቹ፣ ማለትም አንድ ዘፋኝ ለብቻው የሚዘፍናቸው፣ ደግሞ ጆሮ የለመደው፣ አንድ ማረፊያ ድምፅ ያለው (ቶናል) ዜማ።

ከዚያ በ2005 «ሊሲስትራታ»፣ እንደገና ሂዩስተን። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «የመግደላዊት ማርያም ወንጌል»፣ በ2015 ዳላስ ላይ የገና አባት ታሪክ። በሁሉም ቃሉም ዜማውም የእሱ።

በ2021 ሳንታ ፌ ላይ የቀረበው «ዘ ሎርድ ኦቭ ክራይስ» ግን ለየት ይላል። የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የዩሪፒዲስን «ባካይ» የተባለ ቴአትር ከደም መጣጩ ድራኩላ ታሪክ ጋር ያዋሐደ ሥራ ነው። ቃሉን አዳሞ ጻፈ፣ ሙዚቃውን የትዳር አጋሩ ጆን ኮሪሊያኖ። አሁን «ተቀበል» ባዩ እሱ ሆነ፣ ማሲንቆው ሌላ ሰው እጅ ገባ።

እናንተ ግን ከሜግ አሪያ ጀምሩ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።